«ፍልስጥኤማዊ» እና «ፍልስጤማዊ»፦ ጠቡ ከመቼ ይጀምራል?

የወሎ መምህር

ሰላም ለመድረኩ አባላት። ሃያ ሁለት ዓመት ታሪክ ሳስተምር በየዓመቱ ሳይቀርብልኝ የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ። ተማሪው እጁን ያወጣና «መምህር፣ ይህ የእስራኤልና የፍልስጤም ጠብ ዳዊት ጎልያድን በወንጭፍ ከጣለበት ቀን ጀምሮ የመጣ አይደለም ወይ?» ይለኛል። በተማሪዎቼ አልፈርድም፤ መንሥኤው ቋንቋችን ራሱ ነው። በመጽሐፍ ቅዱሳችን የጌት ሰው ጎልያድ «ፍልስጥኤማዊ» ተብሏል፤ ዜና አንባቢውም ስለ ጋዛ ነዋሪ ሲናገር «ፍልስጤማዊ» ይላል። ጆሮ ሁለቱን ቃላት አይለያቸውምና አድማጩ ሳያውቀው ሦስት ሺህ ዓመት ተሻግሮ ይሄዳል። (ከዚህ በታች የምጽፋቸው ዓመታትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጥንቶቹ ፍልስጥኤማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ12ኛው መቶ ዓመት ገደማ ከኤጅያን ባሕር አካባቢ መጥተው በጋዛ፣ በአስቀሎና፣ በአዛጦን፣ በአቃሮንና በጌት የሰፈሩ ሕዝብ ነበሩ፤ ከናቡከደነፆር ዘመን በኋላ እንደ ሕዝብ ከታሪክ ጠፍተዋል። ስማቸው ግን የአገር ስም ሆኖ ቀረ። የሮማው ንጉሥ ሐድሪያኖስ በ135 የአይሁድን ዐመፅ ካደቀቀ በኋላ አውራጃው «ይሁዳ» መባሉ ቀርቶ «ሶርያ ፍልስጥኤም» ተባለ፤ ዐረቦችም «ፊለስጢን» ብለው ተቀበሉት። የዛሬዎቹ ፍልስጤማውያን በዚያ አገር ለዘመናት የኖሩ፣ ዐረብኛ የሚናገሩ ሙስሊሞችና ክርስቲያኖች ናቸው። የወረሱት የአገሩን ስም እንጂ የጎልያድን ጠብ አይደለም።

ታዲያ ጠቡ ከመቼ ይጀምራል? እኔ የምጀምረው ከመሬት መዝገብ ነው። በ1858 አገሩን ይገዛ የነበረው የኦቶማን (የቱርክ) መንግሥት አዲስ የመሬት ሕግ አወጣ፤ ባለይዞታ ሁሉ መሬቱን «ጣቡ» በሚባለው መዝገብ በስሙ እንዲያስመዘግብ አዘዘ። ገበሬው መዝገብ ማለት ግብርና የወታደር ምልመላ መሆኑን ስለሚያውቅ ሸሸ። በዚያ ላይ በብዙ መንደር መሬቱ የወል ነበር፤ «ሙሻዕ» ይሉታል፤ በየተወሰነ ዓመት በዕጣ ይከፋፈሉታል እንጂ የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ በወረቀት አልሰፈረም። በዚህ ምክንያት አንዳንዱ መንደር በባለሥልጣን ወይም በከተማ ነጋዴ ስም ተመዘገበ፤ ሌላውን ደግሞ መንግሥት ራሱ ለቤይሩትና ለደማስቆ ባለጸጎች ሸጠው። ገበሬው ማረሱን አላቋረጠም፤ በወረቀቱ ላይ ግን ጭሰኛ ሆኖ ነበር፤ ብዙ ቤተሰብም ይህን ያወቀው በልጅ ልጆች ዘመን ነው።

በዚያው ዘመን በሌላ አገር ሌላ መከራ ነበር። በ1881 የሩስያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ አሌክሳንደር ሲገደል በግዛቱ ደቡብ በሚኖሩት አይሁድ ላይ ዘረፋና ግድያ ተነሣ። ከተሰደዱት አብዛኞቹ ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ ጥቂቶቹ ግን ከ1882 ጀምሮ የአባቶቻችን አገር ወደሚሏት ምድር መጡ። በፈረንሳይ ደግሞ አልፍሬድ ድሬይፉስ የተባለው አይሁዳዊ መኮንን በ1894 በሐሰት ክስ ተፈረደበት። ለቪየና ጋዜጣ ከፓሪስ ይዘግብ የነበረው ቴዎዶር ሄርዝል በ1897 የመጀመሪያውን የጽዮናውያን፣ ማለትም አይሁድ ወደ ጽዮን ተመልሰው የራሳቸው አገር እንዲኖራቸው የሚሹ ሰዎች፣ ጉባኤ በስዊዘርላንድ በባዝል ከተማ ጠራ።

በ1899 የቀድሞው የኢየሩሳሌም ከንቲባ ዩሱፍ ዲያ አል ኻሊዲ ለፈረንሳይ ዋና ረቢ ለጻዶቅ ካን ደብዳቤ ጻፉ። ጠላት የጻፈው ደብዳቤ አይደለም። አይሁድ ከአገሩ ጋር ያላቸውን የታሪክ ትስስር ይቀበላል፤ ነገር ግን አገሩ ሰው የሚኖርበት መሆኑን አስታውሶ ፍልስጤምን በሰላም ተዉት ብሎ ይማጸናል። ደብዳቤው ለሄርዝል ተላልፎ በዚያው ወር መልስ ተሰጠበት፤ አይሁድ ሀብትና ዕውቀት ይዘው ስለሚመጡ የነዋሪውም ሀብት እንደሚጨምር፣ እርሱን ለማስወጣት የሚያስብም እንደሌለ ሄርዝል ጻፈ። አንዱ ስለ አገሩ ጠየቀ፤ ሌላው ስለ ሀብት መለሰለት። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ ሳነብ ወደ እነዚህ ሁለት ደብዳቤዎች እመለሳለሁ።

ዘሥላሴ

መምህር፣ ስለ ጽሑፍዎ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ቃሉ ልዩነት የተናገሩትን ተቀብያለሁ፤ እኔም ሁለቱን ስቀላቅል ኖሬአለሁ። ሁለት ነገር ግን ይከብደኛል። አንደኛ፣ የይስሐቅና የእስማኤል ነገር በኦሪት ተጽፎ እያለ መዝገብና ግብር ብቻ ማንሣት ሥሩን ትቶ ቅርንጫፉን መያዝ ይመስለኛል። ሁለተኛ፣ መሬቱ በሕግ የተሸጠ ከሆነ ገዢው እንዴት ይወቀሳል? ሻጭ ዋጋውን ቆጥሮ ከተቀበለ በኋላ «መሬቴን» ብሎ መክሰስ በየትም አገር አይገባም።

የወሎ መምህር

ወንድሜ ዘሥላሴ፣ ስለ ኦሪቱ የምለው አጭር ነው። ዘፍጥረት ምዕራፍ 25ን ቢመለከቱ ይስሐቅና እስማኤል አባታቸውን አብርሃምን አብረው እንደቀበሩት ያገኛሉ። የቀበሩበት ዋሻ ያለው በኬብሮን ነው። በኬብሮን አነስተኛ የአይሁድ ማኅበር ከሙስሊሞች ጋር ለብዙ መቶ ዓመታት ጎን ለጎን ኖሯል። በነሐሴ 1929 በኢየሩሳሌም የምዕራብ ግንብ ምክንያት የተነሣው ሁከት ወደዚያ ደርሶ 67 አይሁዳውያን በጭካኔ ተገደሉ፤ ከሞት የተረፉትን ብዙዎች ያተረፏቸው በቤታቸው የሸሸጓቸው ዐረብ ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ጠቡ በእስማኤል ደም ውስጥ የነበረ ቢሆን ኖሮ እስከ 1929 ማን አቆየው? በ1929 ያልነበረ ነገር ከተፈጠረ፣ ምን እንደተፈጠረ መጠየቅ አለብን።

ሽያጩ ግን ረዘም ያለ መልስ ይገባዋል። ከናዝሬት በስተ ደቡብ መርጅ ኢብን ዓሚር የሚባል ሰፊ ሜዳ አለ፤ መጽሐፍ ቅዱሳችን የኢይዝራኤል ሸለቆ የሚለው ነው። የቤይሩት ነጋዴዎች የሆኑት የሱርሶክ ቤተሰብ በ1870ዎቹ ከዚህ ሜዳ ብዙ መንደሮችን ከኦቶማን መንግሥት ገዙ። በ1910 ከቤተሰቡ አንዱ ኤልያስ ሱርሶክ አል ፉላ የተባለውን መንደር፣ 10,000 ዱነም ከሚጠጋ መሬቱ ጋር፣ ለአይሁድ ሰፈራ መሬት ለሚገዛው ለአይሁድ ብሔራዊ ፈንድ ሸጠ። (አሥር ዱነም አንድ ሄክታር ያህል ነው።) ገበሬዎቹ አንወጣም አሉ። የናዝሬት አስተዳዳሪ ሹክሪ አል ዐሰሊም የባለቤትነቱን ወረቀት አላስተላልፍም ብሎ ከበላዩ ከቤይሩት ገዥ ጋር ተጋጨ፤ በጋዜጣ ላይም የመስቀል ጦረኞችን ድል ባደረገው በሳላሕ አድ ዲን ስም ጽሑፍ አወጣ። በአል ፉላ የመስቀል ጦረኞች ምሽግ ፍርስራሽ ስለነበረ የብዕር ስሙን የመረጠበት ምክንያት ለአንባቢው ግልጽ ነበር። በመጨረሻ ግን ወረቀቱ አሸነፈ። በ1911 በዚያ መሬት ላይ መርሐቪያ የተባለ የአይሁድ ሰፈራ ተቆረቆረ።

በ1920ዎቹ ይኸው ቤተሰብ ከሜዳው የቀረውን ሰፊ ክፍል ሸጠ። አሁን የሚያስፈልገን ሽያጩ ሕጋዊ መሆኑን መጠየቅ ሳይሆን በሽያጩ ውስጥ ያልነበረውን ሰው መፈለግ ነው። ሻጩ ቤይሩት ተቀምጧል፤ ገዢው የአውሮፓ ገንዘብ ይዟል፤ አራሹ በውሉ ላይ ስሙ የለም። ድሮ ባለመሬቱ ሲለወጥ ጭሰኛው አይለወጥም ነበር፤ አዲስ ጌታ ይመጣል፣ እርሱም ማረሱን ይቀጥላል። የአሁኑ ገዢ ግን ግብር ሊሰበስብ ሳይሆን ራሱ ሊያርስ ነው የመጣው። የፈንዱ ደንብ መሬቱ ተመልሶ እንዳይሸጥ፣ ለዘለቄታው የአይሁድ ሕዝብ ንብረት ሆኖ እንዲቀር፣ የሚሠራበትም የአይሁድ እጅ እንዲሆን ያዛል። ከሩስያና ከፖላንድ የመጡት ወጣቶች በሰው ላብ መኖርን የሚጠየፉ ሶሻሊስቶች ነበሩ፤ ቅጥረኛ አንቀጥርም፣ በገዛ እጃችን እንቆፍራለን አሉ። የሌላውን ጉልበት ላለመበዝበዝ የወጣው መርሕ ሌላውን ከማሳው ጨርሶ አስወጣው። በክፋት ያልተነሣ ሐሳብ ይህን ያህል ጉዳት ማድረሱ እኔን ዛሬም ያሳዝነኛል።

ሻጮቹ የሩቅ ሰዎች ብቻ አልነበሩም። በአደባባይ ሽያጭን እያወገዙ በስውር የሸጡ የፍልስጤም ታላላቅ ቤተሰቦችም ነበሩ፤ ይህን መደበቅ አድልዎ ነው። ነገር ግን እስከ 1947 ድረስ በአይሁድ እጅ የገባው መሬት ከጠቅላላው የአገሩ ስፋት 7 በመቶ አይሞላም ነበር። ከቀሪው ብዙው በረሃና የመንግሥት ይዞታ መሆኑን ብንቀንስለት እንኳ፣ «ሸጡት» የሚለው ቃል በ1948 የሆነውን አይገልጽልንም።

የሥግድ ልጅ

የምጽፈው ከኔታንያ ነው። መምህር፣ ጽሑፍዎን በጥንቃቄ አንብቤዋለሁ፤ አንድ ቦታ ላይ ግን የእኔ ቤት ታሪክ ስላልገባበት ልናገር።

ወላጆቼ በ1984 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ከጎንደር ገጠር ተነሥተው በእግር ወደ ሱዳን የሄዱ ቤተ እስራኤል ናቸው። በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች ከሕዝባችን ወደ 4,000 የሚጠጋ እንዳለቀ ይነገራል፤ ታላቅ ወንድሜ ከእነርሱ አንዱ ነው። አያቴ በኢትዮጵያ ሳሉ ርስት አልነበራቸውም። ከዐፄ ይስሐቅ ዘመን ጀምሮ ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት አይወርስም እንደተባለ አባቶቻችን ሲነግሩን ኖረዋል፤ በዚህም ምክንያት የሰው መሬት እያረሱ፣ ብረት እየቀጠቀጡና ሸክላ እየሠሩ ኖሩ። ስለዚህ ስለ አል ፉላ ጭሰኞች ሲጽፉ እኔ አያቴን ነው ያየሁት።

ግን ያንኑ አያቴን የማየው በሥግድ ቀንም ነው። በየዓመቱ ጾመው ተራራ ላይ ወጥተው ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም መልሰው ይሰግዱ ነበር። ስለ ባዝል ጉባኤ አልሰሙም፤ ሄርዝልን አያውቁም፤ ፎቶግራፉንም አላዩም። ወደ ጽዮን መመለስ የሚለው ምኞት በአውሮፓ የተፈለሰፈ የፖለቲካ ሐሳብ ብቻ ተደርጎ ሲነገር ዝም ማለት አልችልም። የአውሮፓ ሰዎች ድርጅትና ገንዘብ ሰጡት፤ ጸሎቱ ግን በአምቦበርም በየመንም በባግዳድም ነበረ።

ደግሞ ሌላው በር ሁሉ መዘጋቱ አይረሳ። በሐምሌ 1938 በፈረንሳይዋ ኤቪያን ከተማ 32 አገሮች ስለ ጀርመንና ስለ ኦስትሪያ አይሁድ ሊመክሩ ተሰበሰቡ፤ ሐዘናቸውን ገልጸው ተለያዩ፤ ብዙ ስደተኛ እቀበላለሁ ያለችው ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ብቻ ነበረች። በ1939 አገሩን ትገዛ የነበረችው እንግሊዝ ራሷ የፍልስጤምን በር አጠበበች፤ ለአምስት ዓመት 75,000 ሰው ብቻ ይግባ አለች፤ ያም ዘመን ስድስት ሚሊዮን አይሁድ ያለቁበት ዘመን ሆነ። በባግዳድ በሰኔ 1941 «ፈርሁድ» በሚባለው ጥቃት ከመቶ በላይ አይሁዳውያን በሁለት ቀን ተገደሉ፤ ከ1950 እስከ 1951 ወደ 120,000 የሚሆኑ የኢራቅ አይሁድ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል መጡ፤ ሀብታቸውንም የኢራቅ መንግሥት በሕግ ያዘው። የባለቤቴ እናት ከእነርሱ አንዷ ናቸው። ቤታቸውን የሚገልጽ ወረቀት የላቸውም፤ የሚያስታውሱት በግቢያቸው የነበረውን የተምር ዛፍ ነው። ከአውሮፓ የመጣ ሰፋሪ ሲባሉ ግራ ይገባቸዋል፤ አንድም ቀን አውሮፓን አላዩም።

ሚያዝያ 27

እኔ የታሪክ ባለሙያ አይደለሁም፤ ነገር ግን መምህሩ ስለ ኢይዝራኤል ሸለቆ ሲጽፉ በአእምሮዬ ተለያይተው ይኖሩ የነበሩ ሁለት ነገሮች ተገናኙብኝ።

ጄኔራል ዊንጌትን እኛ የምናውቀው በጎጃም በኩል ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የገባ የነጻነት ወዳጅ አድርገን ነው፤ በአዲስ አበባ በስሙ የተጠራ ትምህርት ቤት አለ፤ አባቴ የተማሩት እዚያ ነው። በ1941 የመራው ጦር «የጌድዮን ጦር» ይባል ነበር። ለምን ጌድዮን? መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 7 ላይ ጌድዮን በሐሮድ ምንጭ አጠገብ ሰፍሮ ሦስት መቶውን ሰው በውኃ አጠጣጣቸው ይለያል። ዊንጌት ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1938፣ በፍልስጤም ያደራጀው «ልዩ የሌሊት ጓድ» ዋና ሰፈር በዚያው ምንጭ ስም በተጠራው በዓይን ሐሮድ ነበር። ዓይን ሐሮድ ደግሞ በ1921 ከሱርሶክ ቤተሰብ በተገዛው ሸለቆ ውስጥ የተቆረቆረ ኪቡጽ (የአይሁድ የጋራ እርሻ ሰፈራ) ነው።

ጓዱ እንግሊዛውያን ወታደሮችንና አይሁዳውያን ረዳት ፖሊሶችን ያቀላቀለ ነበር፤ ከእርሱ ጋር ከዘመቱት አንዱ በኋላ የእስራኤል ጦር አዛዥና የመከላከያ ሚኒስትር የሆነው ሞሼ ዳያን ነው። ከኪርኩክ ወደ ሃይፋ የሚሄደውን የነዳጅ ቧንቧ ከዐማፅያን ይጠብቃል፤ በሌሊትም ወደ መንደሮች ይገባል። በመንደሮቹ ላይ የጅምላ ቅጣት ይፈጸም እንደነበር በእንግሊዛውያኑ በራሳቸው ጽሑፍ ሳይቀር ተመዝግቧል። በዚያ ወቅት ፍልስጤማውያን በእንግሊዝ አገዛዝና በአይሁድ ፍልሰት ላይ ተነሥተው ነበር፤ ከ1936 እስከ 1939 በቆየው ዐመፅ በሺህ የሚቆጠሩ ዐረቦች አልቀዋል፤ መሪዎቻቸው ተሰደዋል ወይም ታስረዋል። በ1948 ያለ መሪና ያለ መሣሪያ የተገኙት አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በግንቦት 1936 ወደ ኢየሩሳሌም በተሰደዱ ጊዜም አገሩ በሙሉ በዚሁ ዐመፅ የሥራ ማቆም አድማ ላይ ነበር። አንድ ሰው ለእኛ ነጻ አውጪ፣ ለሌላው መንደር የሌሊት ድንጋጤ ሊሆን እንደሚችል እስከ ዛሬ አስቤው አላውቅም ነበር። የዊንጌትን ውለታ አልክድም፤ አባቴም ሲክዱ አልሰማሁም። ከእንግዲህ ግን ስሙን ስሰማ ሁለቱም ይታሰቡኛል።

ብሌን

በንባብ ተከታትዬአችኋለሁ፤ እጅግ አመሰግናለሁ። ሁለት ጥያቄ አለኝ። እንግሊዝ አገሩን ለሁለት ወገን ቃል ገብታለታለች የሚባለው ምን ያህል እውነት ነው? በ1947 በተባበሩት መንግሥታት ድምፅ ሲሰጥስ ኢትዮጵያ ምን ብላ ነበር?

የወሎ መምህር

እህቴ ብሌን፣ የቃል ኪዳኑ ነገር እውነት ነው። በ1915 እና በ1916 በግብፅ የእንግሊዝ ወኪል የነበረው ማክማሆን ከመካው ሸሪፍ ሑሴን ጋር ሲጻጻፍ፣ ዐረቦች በኦቶማኖች ላይ ቢነሡ ነጻነታቸውን እንደሚደግፍ ቃል ሰጠ፤ ፍልስጤም በወሰኑ ውስጥ ትግባ አትግባ ግን ደብዳቤዎቹ ለክርክር በር ክፍት አድርገው ተዉት። በ1916 እንግሊዝና ፈረንሳይ ያንኑ አካባቢ በስውር ተከፋፈሉት። በኅዳር 2 ቀን 1917 ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ባልፎር ለአይሁድ ሕዝብ በፍልስጤም ብሔራዊ መኖሪያ እንዲመሠረት መንግሥቱ እንደሚደግፍ ለሎርድ ሮትሽልድ ጻፈ።

የባልፎር ደብዳቤ ዋና ዐንቀጽ በእንግሊዝኛው 67 ቃላት ብቻ ነው። ከአገሩ ነዋሪ ከአሥሩ ዘጠኙ ዐረብ በነበረበት ጊዜ፣ ዐረብ የሚለው ቃል በውስጡ አልተጻፈም። «በፍልስጤም ያሉት አይሁድ ያልሆኑ ማኅበረሰቦች» የሲቪልና የሃይማኖት መብታቸው እንዲጠበቅ ይላል፤ የፖለቲካ መብት የሚለው የለበትም። በ1922 በተደረገው ቆጠራ ከ757,000 ገደማ ነዋሪ አይሁድ 84,000 ያህል ነበሩ። ሂትለር ሥልጣን ከያዘ በኋላ ግን በ1935 ብቻ ከ60,000 በላይ አይሁድ ገቡ። የሥግድ ልጅ እንዳሉት እነዚህ ሰዎች ሌላ በር አልነበራቸውም፤ ገበሬው ደግሞ ያየው አገሩ ሳይጠየቅ ስትለወጥ ነው። ሁለቱም እውነት ነበራቸው ማለት ቀላል ነው፤ እንግሊዝ ሁለቱን እውነቶች አንድ ግቢ ውስጥ አስገብታ ቁልፉን በእጇ መያዟን ግን መናገር ያስፈልጋል። በ1937 የእንግሊዝ መንግሥት የላከው የፒል ኮሚሽን ሁለቱ አብረው ሊኖሩ አይችሉም ብሎ አገሩ እንዲከፈል ሐሳብ ሲያቀርብ፣ ከ200,000 በላይ ዐረቦች ከአይሁዱ ክፍል እንዲዛወሩም አብሮ አስቧል። ሰውን ከቀየው ማንሣት በመንግሥት ወረቀት ላይ የመፍትሔ ስም ያገኘው ያን ጊዜ ነው።

ስለ ድምፁ፦ ኅዳር 29 ቀን 1947 የክፍፍሉ ውሳኔ በ33 ድጋፍ፣ በ13 ተቃውሞና በ10 ድምፀ ተዐቅቦ ጸደቀ። ኢትዮጵያ ድምፀ ተዐቅቦ ካደረጉት አሥር አገሮች አንዷ ነበረች፤ እንግሊዝ ራሷም እንዲሁ። ለአይሁዱ መንግሥት ከአገሩ ስፋት 56 በመቶ ያህል ተመደበ፤ አይሁድ በዚያን ጊዜ ከነዋሪው አንድ ሦስተኛ ያህል ነበሩ። በተመደበላቸው ክልል ውስጥ ወደ 500,000 አይሁድና ከ400,000 በላይ ዐረቦች ይኖሩ ነበር። የአይሁድ መሪዎች ተቀበሉት፤ ፍልስጤማውያንና የዐረብ መንግሥታት አልተቀበሉትም፤ በማግሥቱ ግድያው ጀመረ።

ከቤይሩት

ብዙ ጊዜ አንብቤ እወጣለሁ እንጂ አልጽፍም። ዛሬ ግን የማውቀውን አንድ ነገር ልጨምር።

ወደ ሊባኖስ የመጣሁት ለቤት ሠራተኛነት ነው፤ መጀመሪያ የገባሁበትን ቤት አላነሣውም። ከዚያ ቀጥሎ አምስት ዓመት ያስታመምኋቸው አሮጊት ፍልስጤማዊት ነበሩ። እኔ ፍልስጤማዊ ሁሉ ሙስሊም ይመስለኝ ነበር፤ እርሳቸው ግን እንደ እኔ ማተብ ባያስሩም መስቀል ከአንገታቸው የማይለይ ክርስቲያን ናቸው። የልጅ ልጆቻቸው «ተይታ» ይሏቸዋል፤ እኔም ተይታ እላቸው ነበር። የተወለዱት በዓካ አውራጃ አል ባሳ በምትባል፣ ሙስሊምና ክርስቲያን አብረው በሚኖሩባት መንደር ነው፤ ከሊባኖስ ድንበር በእግር የሚደረስባት ናት።

ሚያዝያ 27 ስለ 1938 ሲጽፉ ተይታ ትዝ አሉኝ። በዚያ ዓመት የእንግሊዝ ወታደሮች በመንደራቸው አጠገብ ፈንጂ ስለገደላቸው ባልደረቦቻቸው ብቀላ መንደሪቱን ሲያቃጥሉ ሕፃን ነበሩ። አሥር ዓመት ቆይቶ፣ በግንቦት 1948፣ የአይሁድ ጦር ሲገባ ሸሹ። «ለሁለት ሳምንት ነው ብለን ዶሮዎቹን እንኳ ጥሬ በትነንላቸው ወጣን» ይሉኝ ነበር። ቤይሩት አጠገብ ባለው የድባዬ መጠለያ አገቡ፤ ልጅ ወለዱ፤ አረጁ። በአልጋቸው ራስጌ በጨርቅ የተጠቀለለ ወረቀት ነበራቸው። በእንግሊዝ ዘመን የተሰጠ የወይራ ማሳ የባለቤትነት ወረቀት ነው፤ «ኩሻን» ይሉታል። አልጋውን ባነጠፍሁ ቁጥር ተቀብለው ይይዙትና መልሰው ያስቀምጡታል።

መምህር፣ ያ ወረቀት ዛሬ በሕግ ምንድን ነው? እርሳቸው ጠይቀውኝ ነበር፤ ልመልስላቸው አልቻልሁም።

የወሎ መምህር

እህቴ፣ የተይታን ነገር አንብቤ ለመመለስ ሁለት ቀን ቆየሁ።

ከ1947 መጨረሻ እስከ 1949 በነበረው ጦርነት ወደ 700,000 የሚሆኑ ፍልስጤማውያን ከቤታቸው ወጡ፤ ከ400 በላይ መንደሮች ባዶ ሆኑ። እንደ ተይታ ሸሽተው የወጡ አሉ፤ በሐምሌ 1948 እንደ ሊዳና እንደ ራምሌ ሰዎች በትእዛዝ የተባረሩም አሉ። በሚያዝያ 1948 በዴር ያሲን መንደር ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ በአይሁድ ታጣቂዎች መገደላቸው ሽሽቱን አባባሰው። በዚያው ሳምንት ወደ ሐዳሳ ሆስፒታል ይጓዙ የነበሩ ሐኪሞች፣ ነርሶችና ሌሎች 78 ያህል ሰዎች በዐረብ ተዋጊዎች ተገደሉ። እስራኤል በዚያ ጦርነት ወደ 6,000 የሚሆኑ ሰዎች አጥታለች፤ ይህም ከአይሁዱ ነዋሪ ከመቶ አንዱ ነው። በታኅሣሥ 1948 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በውሳኔ ቁጥር 194 በሰላም ለመኖር የሚሹ ስደተኞች ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ ወይም ካሳ እንዲያገኙ አሳሰበ። አልተፈጸመም።

ስለ ወረቀቱ የሚወስነው በ1950 የወጣው የእስራኤል ሕግ ነው፤ ስሙም «የሌሉ ሰዎች ንብረት ሕግ» ነው። ከኅዳር 29 ቀን 1947 በኋላ ወደ ጠላት አገር የሄደ ወይም በጠላት ጦር በተያዘ ቦታ የተገኘ ሰው «የሌለ» ይባላል፤ ንብረቱም ወደ መንግሥት ጠባቂ ይተላለፋል። ተይታ ወደ ሊባኖስ ስለገቡ «የሌሉ» ናቸው። ወረቀቱ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን መሬታቸውን አያስመልስላቸውም። ከእስራኤል ሳይወጡ ከመንደራቸው ወደ ሌላ መንደር ብቻ የተዛወሩ ሰዎችም በዚሁ ሕግ ንብረታቸውን አጥተዋል፤ እዚያ «ያሉ የሌሉ» ይባላሉ። ከአል ባሳ ብዙ በማትርቀው በክርስቲያኖቹ መንደር በኢቅሪት፣ ጦሩ ለጥቂት ጊዜ ብሎ ያስወጣቸው ነዋሪዎች ለእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት አመልክተው በሐምሌ 1951 ተፈረደላቸው፤ በዚያው ዓመት በገና ዋዜማ ግን ጦሩ ቤቶቹን በፈንጂ አፈረሰ። ቤተ ክርስቲያኑ ብቻ ቀረ።

ወንድሜ ዘሥላሴ፣ ስለ ሽያጩ የጠየቁኝን አሁን በሙሉ ልመልስ። በ1910 የአል ፉላ ባለቤት ቤይሩት ተቀምጦ መሬቱን ያላየው ሰው ነበር፤ ሕጉ የሌለውን ባለቤት፣ ያለውን ጭሰኛ አለ። በ1950 ደግሞ ወረቀት ያላት የአል ባሳ ልጅ ቤይሩት ስለተገኘች ሕጉ የለሽም አላት። ገበሬው መጀመሪያ ወረቀት ስለሌለው፣ ኋላም ወረቀት እያለው ተነሣ። ከ1967 በኋላ በዮርዳኖስ ምዕራብ ዳርቻ የተተከሉት ሰፈራዎች ብዙዎቹ የቆሙት የኦቶማኑን የ1858 ሕግ ጠቅሶ «የመንግሥት መሬት» በተባለ ይዞታ ላይ ነው። ከመዝገቡ የጀመርሁት ለዚህ ነው።

ዘሥላሴ

መምህር፣ «ሻጭ ዋጋውን ከተቀበለ በኋላ» ብዬ የጻፍሁትን አነሣለሁ። ለተይታ ማን ዋጋ ቆጠረላቸው?

የሥግድ ልጅ

የመምህሩን የመጨረሻ ጽሑፍ ለባለቤቴ እናት ወደ ዕብራይስጥ እየመለስሁ አነበብሁላቸው። ስለ 1948ቱ ሽሽት መቀበል ከብዷቸው ተከራከሩኝ፤ ዐረቦች ጦርነቱን ራሳቸው ጀመሩት አሉኝ። የወረቀቱ ነገር ላይ ስደርስ ግን አስቆሙኝና በባግዳድ ሹሞች ቤታቸውን መዝግበው ሲያሽጉ አባታቸው ደረሰኝ ጠይቀው እንደነበር ነገሩኝ። ይህን ከዚህ በፊት ነግረውን አያውቁም። ከቤይሩት የጻፉት እህቴ፣ የተይታ ወረቀት ላይ ምን እንደተጻፈ ያውቃሉ? የጠየቁት እርሳቸው ናቸው።

ከቤይሩት

ተይታ ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ወረቀቱን ትልቋ ልጃቸው ወስዳዋለች። ዐረብኛ ማንበብ ስለማልችል ተይታ ናቸው በጣታቸው እያሳዩ ያነበቡልኝ። ላይኛው የአባታቸው ስም ነው፤ ከዚያ ስፋቱ፣ 11 ዱነም፤ ከዚያ አራቱ ወሰን። በሰሜን መንገድ። በምሥራቅ የአጎታቸው ማሳ። በደቡብ የቤተ ክርስቲያኑ መሬት። በምዕራብ የአንድ ሙስሊም ጎረቤታቸው ወይራ፤ የእርሱ ልጆችም ቤይሩት ናቸው፤ በፋሲካና በዒድ ይጠያየቁ ነበር።